የመድረክ ከፋቹ ትርፍ ከካናቴራ ነው

በአሜሪካ የሙዚቃ ገበያ ከዋናው ድምፃዊ ቀድሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚጫወት ሙዚቀኛ መድረክ ከፋች ነው። በማስታወቂያው ላይ ስሙ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል፤ ክፍያውም እንደ ፊደሉ ነው። ዋናው ድምፃዊ ብዙውን ጊዜ ከትኬቱ ሽያጭ በመቶኛ ሲታሰብለት፣ ከፋቹ የሚያገኘው የቁርጥ ዋጋ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላም አይጨመርለትም።

ከዚያችው ሂሳብ ላይ የመኪና ኪራይ፣ ቤንዚን፣ አልጋ፣ የአጃቢዎች አበልና የደላላው (እዚያ ወኪል ይሉታል) ኮሚሽን ይነሳል። ዋናው ድምፃዊ በአውቶቡስ ተኝቶ ሲጓዝ ከፋቹ ሌሊቱን ራሱ ይነዳል። ትርፍ ካለ በር ላይ ከሚሸጠው ካናቴራና ሸክላ ነው። ከዚህም ላይ አንዳንድ አዳራሾች ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቆርጣሉ። ከሙዚቀኞች ቅሬታ በኋላ ላይቭ ኔሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በክለቦቹ ቆረጣውን እንደሚተው፣ ለከፋቾችም በየዝግጅቱ 1,500 ዶላር የጉዞ ድጎማ እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር።

ከፍሎ የሚከፍትም አለ። ነገሩ ኪሳራ ይምሰል እንጂ የሚገዛው የሌላውን ደንበኛ ነው። አደጋው ደንበኛው የማይሆን ሆኖ ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1967 ጂሚ ሄንድሪክስ ለሞንኪስ ቡድን መድረክ ከፋች ሆኖ ተጓዘ። ትኬት የቆረጡት ግን ቡድኑን በቴሌቪዥን የወደዱ ታዳጊዎች ነበሩ፤ ጊታሩን ሲጫወት «ሞንኪስ!» እያሉ ጮኹበት። ሄንድሪክስ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ ጉዞውን አቋረጠ።