ሜዲሲን ያልደረሰው ምን ይማር?

የዲፓርትመንት ምደባ በወጣ ሰሞን በየቤቱ ተመሳሳይ ንግግር ይሰማል። «ሜዲሲን ነበር የሞላው፤ ላብራቶሪ ደረሰው» ይባላል፤ ሰሚውም «አይዞህ፣ እሱም አይከፋም» ብሎ ያጽናናል። ልጁ ገና ክፍል ሳይገባ አንገቱን ደፍቷል። አራት ዓመት የሚማረው ሙያ ምን እንደሚሠራ የነገረው ሰው ግን የለም። ስለ ላብራቶሪ፣ ስለ ራጅ፣ ስለ ሰመመን፣ ስለ ፊዚዮቴራፒና ስለ ኦፕቶሜትሪ የሚወራው አብዛኛው ነገር ሥራውን በቅርብ ካየ ሰው አፍ የወጣ አይደለም። ተማሪው የሚመርጠው፣ ወላጁም የሚመክረው ግን በዚሁ ወሬ ነው።

«የሐኪም ረዳት መሆን ነው»

ታሪኩን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ሐኪም ለማሠልጠን የተከፈተ አልነበረም። ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነው። ወባ፣ ንጹሕ ውኃና ወሊድ ዋና ጭንቀት ለሆኑበት ገጠር የሚያስፈልጉት እነሱ ስለነበሩ፣ በቡድን ሆነው ወደየጤና ጣቢያው ይሰማሩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እነዚህ ሙያዎች ከሐኪም የተረፈውን ሥራ ለመልቀም አልተፈጠሩም።

ዛሬም ቢሆን ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ጉዳዩን በሌላ ዓይን ያየዋል። በምጥ የቆየች እናት በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ተወሰነ እንበል። የሰመመን ባለሙያው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ጀርባዋን ወደ ውጭ እንድትቀስት ያደርጋታል፤ የታችኛውን ጀርባ አጥንቶች በጣቱ ፈልጎ በሁለት አጥንቶች መካከል ቀጭን መርፌ ያስገባል። ጠብ የሚለው ፈሳሽ ጥርት ብሎ ሲወጣ መድኃኒቱን ይሰጣል። በደቂቃዎች ውስጥ እግሯ ይደነዝዛል። አስጊው ጊዜም ያኔ ይጀምራል፤ የደም ሥሮቿ ስለሚሰፉ የደም ግፊቷ ያሽቆለቁላል፣ ለሕፃኑ የሚደርሰው ደምም አብሮ ይቀንሳል። ባለሙያው አልጋውን ወደ ግራዋ ያዘነብላል፣ በደም ሥሯ የሚገባውን ፈሳሽ ያፈጥናል፣ ግፊቱን የሚያነሣ መድኃኒት በመጠን በመጠን ይሰጣል። ቀዶ ሐኪሙ ዓይኑ ሆዷ ላይ ነው። እስትንፋሷን፣ የልብ ምቷንና የፊቷን ቀለም የሚጠብቀው ራስጌዋ የቆመው ሰው ነው። በአገራችን አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ፣ በዚሁ ዘርፍ በዲግሪ የተማሩ ባለሙያዎች ናቸው። ራቅ ባለ ሆስፒታል ከዚያ ሰው ሌላ የሚጠራ ላይኖር ይችላል። ይህን ሰው «ረዳት» የሚለው ሥራውን ያላየ ነው።

የማደጊያ መንገድ የለም የሚለውም እንዲሁ ነው። ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተምረው በየገጠሩ ሆስፒታል እናቶችን ያዋልዳሉ፣ ትርፍ አንጀት ያወጣሉ።

«ራጅ ክፍል የሠራ ልጅ አይወልድም»

ይህ ወሬ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ከራዲዮግራፊ አሽሽቷል። መነሻው ባዶ አይደለም። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ኤክስሬይን ካገኘ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ መሣሪያውን በገዛ እጃቸው ላይ ይሞክሩ የነበሩ ሰዎች ቆዳቸው ተቃጥሏል፤ ጣታቸውን ያጡም፣ በካንሰር የሞቱም አሉ። ያኔ ጨረሩን የሚለካ መሣሪያም ሆነ የሚጋርድ ነገር በሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

ዛሬ የሚያስፈልገው እውቀት ይህ ነው። ጨረሩ የሚወጣው ቁልፉ በተጫነባት ቅጽበት ብቻ ነው፤ መሣሪያው ሲያቆም አየር ላይ የሚቀር ወይም ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ ነገር የለም። በዚያች ቅጽበት ባለሙያው ከእርሳስ መከለያው ጀርባ ነው። ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ማንኛችንም ከአፈር፣ ከድንጋይና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ለባለሙያ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ጣሪያ ደግሞ በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ነው። የወንድን ዘር ለጊዜው የሚያዳክመው መጠን በአንድ ጊዜ በቀጥታ ሲያርፍ 150 ገደማ ነው። ጣሪያው ድረስ የተጋለጠ ባለሙያ እንኳ ያን ያህል የሚያገኘው ከሰባት ዓመት በላይ ተደምሮ ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ። ያረገዘች ባለሙያ ለኃላፊዋ ስታሳውቅ ፅንሱ የሚያገኘው ጨረር ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳያልፍ ሥራዋ ይስተካከላል። አልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ ነው፣ ኤምአርአይ ማግኔት ነው፤ ሁለቱም ይህ ዓይነት ጨረር የላቸውም።

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በሩ በደንብ የማይዘጋ፣ የእርሳስ ሽርጡ የተሰነጠቀ፣ ለሠራተኛው ደረት ላይ የሚንጠለጠል የጨረር መለኪያ የማይሰጥ ክፍል አለ። ስለዚህ ሊመርጥ ያሰበ ተማሪ «ልጅ እወልዳለሁ ወይ» ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ «የምለማመድበት ሆስፒታል መለኪያ ይሰጠኛል ወይ፣ ንባቡንስ ያሳውቀኛል ወይ» ብሎ ቢጠይቅ የሚጠቅመው መልስ ያገኛል።

«ፊዚዮቴራፒ ማሸት ነው፤ ኦፕቶሜትሪ መነጽር መሸጥ ነው»

ፊዚዮቴራፒስትን ከወጌሻ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። በእጅ ማሸት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ስትሮክ ያደረበትን ሰው እንደገና ማስቆምና ማራመድ፣ የተቃጠለ ሕፃን ክርን ተኮማትሮ እንዳይቀር ማድረግ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው አክታውን እንዲያወጣ መርዳት የእሱ ሥራ ነው። ኦፕቶሜትሪስቱም ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ «ሰነፍ» የተባለውን ልጅ የሚያገኘው ሰው ነው። ገና የማይናገረውን ሕፃን እንኳ ብርሃን ዓይኑ ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ከውስጥ የሚመለሰውን ነጸብራቅ አይቶ የመነጽሩን ቁጥር ያወጣል። በዓለም ላይ እጅግ የበዛው የእይታ ችግር በመነጽር የሚስተካከለው ነው።

«ዲግሪው ካለ ሥራ አይጠፋም፤ ከጠፋም ውጭ አገር አለ»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህኛው ነው፤ ሌሎቹ ወሬዎች ከጥሩ ሙያ ሲያርቁ ይህ ግን ልጁን ከተመረቀ በኋላ ሜዳ ላይ ያስቀረዋል። ከጤና ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን ለልጅ አለመንገር ተገቢ አይደለም። ዲግሪውም ብቻውን አያሠራም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ለጤና ተመራቂ ደግሞ ተማሪዎች «ሲኦሲ» የሚሉት የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ፤ ያለ እሱ የሙያ ፈቃድ አይገኝም።

ውጭ የሚባለውም አንድ አገር፣ አንድ በር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሐኪም ውጪ ሰመመን በመስጠት በብዛት የሚሠሩት መጀመሪያ ነርስ ሆነው ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ በቀጥታ አንስቴዥያ ተምሮ የተመረቀ ጎበዝ ልጅ እዚያ ሲደርስ ያ በር ዝግ ሆኖ ያገኘዋል። ፊዚዮቴራፒስት እዚያ የሚሠለጥነው በዶክትሬት ደረጃ በመሆኑ የእኛ ዲግሪ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የተመረቀ የውጭ አገር ፋርማሲስት እዚያ ለመሥራት የተማረው ፕሮግራም ቢያንስ የአምስት ዓመት መሆን አለበት፤ የእኛ አምስት ዓመት ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። የላብራቶሪ ምሩቅ ትምህርቱን አስገምግሞ፣ የሥራ ልምዱን አሟልቶ ለፈተና መቀመጥ ይችላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የትምህርት ማስረጃውን ከምንጩ ያጣራሉ፣ ፈተና ይሰጣሉ፣ ብዙ ጊዜም የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። አንድ ዓይነት ልጅ፣ አንድ ዓይነት ድካም፣ ግን ዲፓርትመንቱ የተለያየ ስለሆነ ብቻ መንገዱ ይለያያል። መሄድ ያሰበ ሰው ይህን ማወቅ ያለበት ምርጫ ሲሞላ ነው።

አሜሪካ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ «ጤና ከሆነ ነርሲንግ ብቻ ነው» የሚል አለ። የራዲዮግራፊ፣ የመተንፈሻ ሕክምናና የጥርስ ንጽሕና ትምህርት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሁለት ዓመት ገደማ ያልቃል፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ ያለው የሕክምና ካምፓስ ሦስቱንም ያስተምራል። ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ኮርሶች ተጨማሪ ጊዜ እንደሚወስዱና መግቢያው ፉክክር እንዳለበት ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

«ስም ያለው ኮሌጅ ነው፤ ችግር የለም»

እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ፋርማሲ እንዲያስተምር ተፈቅዶለት ሌላው ቅርንጫፍ ላይፈቀድለት ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ደብዳቤ እዩ፤ የፕሮግራሙንም የካምፓሱንም ስም አንብቡ፤ ቀኑ ማለፍ አለማለፉን ተመልከቱ። ከዚያ ቤተ ሙከራውን አሳዩን በሉ። ማይክሮስኮፑ ስንት ነው፣ ለስንት ተማሪ ነው? ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል ነው፣ ስንት ወር ነው፣ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ይይዛል? ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጋችሁ በገዛ እጁ ስንት ናሙና እንደሠራ፣ ስንት ታካሚ እንደያዘ ጠይቁት። «ገና በማየት ላይ ነን» ካላችሁ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።