የ«ነፃ» ሰዓት ዋጋ፦ የእንግሊዝ ሕፃናት ማቆያዎች የመንግሥት ክፍያ

«ነፃ» የሚለው ቃል በሕዝብ ፋይናንስ ጥናት ጥንቃቄ ይሻል፤ ለተጠቃሚው ነፃ የሆነውን አገልግሎት ሌላ አካል ይከፍልበታልና። ለዚህ ማስረጃ ይሆነኝ ዘንድ የእንግሊዝን የቅድመ መደበኛ ሕፃናት እንክብካቤ መርጫለሁ።

በዚያ አገር የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት ሁሉ በዓመት 570 ሰዓት፣ ማለትም ለ38 ሳምንታት በሳምንት 15 ሰዓት፣ በመንግሥት ወጪ የመስተናገድ መብት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሠራተኛ ወላጆች ሰዓቱ ወደ 30 ከፍ አለ፤ ከመስከረም 2025 ጀምሮም ይኸው መብት ዘጠኝ ወር ለሞላቸው ልጆቻቸው ተዳረሰ።

ገንዘቡ በቀመር ተሰልቶ ከማዕከላዊው መንግሥት ወደ አካባቢ አስተዳደሮች ይተላለፋል፤ እነርሱም በሰዓት ተመን ለማቆያዎች ይከፍላሉ። ማቆያው ለነዚህ ሰዓቶች በወላጆች ላይ የግዴታ ተጨማሪ ክፍያ መጣል አይፈቀድለትም።

የክርክሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ተመኑ ከእውነተኛው ወጪ ካነሰ፣ ጉድለቱ የሚሸፈነው ወይ የሠራተኛውን ደመወዝ ዝቅ በማድረግ፣ ወይ ከመብቱ ውጭ ለሆኑ ሰዓቶች በወላጆች ላይ ዋጋ በመጨመር ነው። መብቱ በሰፋ ቁጥር ግን ሁለተኛው በር ይጠብባል፤ ትናንት ሙሉ ዋጋ ይከፍል የነበረው ወላጅ ዛሬ በመንግሥት ተመን ይስተናገዳልና። ተጨማሪ ሰዓት የሚገዙ ወላጆች ጥቂት በሆኑበት ድኃ ሰፈር ደግሞ በሩ ከመነሻውም ጠባብ ነው።

ስለዚህ የተመኑ ልክ ተራ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም። ማቆያው ከተዘጋ፣ ሕፃኑ መብት እንጂ ቦታ አይኖረውም።