አንድ ስም፣ ሁለት ፋይል

ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ካላቆየ በቀር ፍላሽ ከኢንተርኔት ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች ኮምፒውተር የሚጠግኑት ሁለቱ ጓደኛሞች ከባድ ፋይል ሲኖር በኪስ መላላክ ለምደዋል። ነገሩ የተጀመረው እንዲያ ሆኖ ጎባ በደረሰ የሊኑክስ ፓኬጅ ነው።

ፕሮግራሙ የቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ ይይዛል። የሮቤው ልጅ ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል አድርጎ በዴብ ፓኬጅ ጠቀለለው። አንዱ ከለፋ ሌላው ለምን ይልፋ? ጎባ ላይ ግን ከፊሎቹ ማሽኖች ወዲያው ሲቀበሉት፣ የቀሩት «ሊብ-ኤስኤስኤል 1.1 ያስፈልጋል፤ የለም» ብለው እምቢ አሉ።

«ፍላሹ ነው» አለ የጎባው። ያለ ነገር ነው፤ በየሰው ማሽን የሚዞር ፍላሽ መጠርጠሩ አይቀርም።

የሮቤው አልተቀበለውም። የፋይሉን ሻ-256 አሻራ ሁለቱም አወጡና በስልክ እየተነባበቡ አመሳከሩ። ልዩነት የለም።

«አቦ፣ ፋይሉማ ያው ነው። ማሽኖቹን እያቸው እስቲ።»

ሲታዩ፣ የተቀበሉት ኡቡንቱ 20.04 የተጫነባቸው፣ እምቢ ያሉት 22.04 ያላቸው ናቸው። ያም ሆኖ የጎባው ልጅ በግድ ጫነው። ተጫነ፤ አልከፈት አለ እንጂ። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች በሚዘረዝረው በኤልዲዲ ትእዛዝ ሲያየው፣ ሁለት መስመሮች ላይ «አልተገኘም» ተጽፏል፤ ሊብ-ኤስኤስኤል 1.1 እና ወንድሙ ሊብ-ክሪፕቶ 1.1።

ቀጥሎ ያደረገው ብዙዎቻችን የምናውቀውን ዘዴ ነው። ማሽኑ ላይ ያለውን አዲሱን ላይብረሪ፣ በሊንክ የድሮውን ስም ሰጠው። አሁን ፋይሉ ተገኘ፤ ስህተቱ ግን ተለወጠ። «ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 የሚለው ምልክት በውስጡ የለም» አለ። ላይብረሪው ከፋይል ስሙ ሌላ በእያንዳንዱ ፈንክሽን ላይ የቨርዥን ማኅተም አለው፤ ፕሮግራሙም ኮምፓይል ሲደረግ ያንን ማኅተም ይዞ ወጥቷል። ስም መለወጥ ማኅተሙን አይለውጥም። (በአገራችን እዚህ ደረጃ ላይ የሚታዘዘው የመጨረሻ መድኃኒት ፎርማት ነው። ደግነቱ አልታዘዘም።)

ሁለቱን ላይብረሪዎች የሚያቀርበው ኦፕንኤስኤስኤል፣ 3.0 ቨርዥኑ የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2021 ነው። ኡቡንቱ 22.04 እሱን ይዞ ሲመጣ አሮጌውን 1.1 ከማከማቻው አወጣው። የ1.1.1 ድጋፍ ራሱ ያበቃው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው።

የጎባው ልጅ ሶርስ ኮዱን አስልኮ እዚያው በ22.04 ኮምፓይል አደረገው። ሠራ። ደስ ብሎት የራሱን ፓኬጅ ወደ ሮቤ መለሰው፤ አሁን ደግሞ ሮቤ እምቢ አለ! አዲሱ ፓኬጅ ሊብ-ኤስኤስኤል 3ን ብቻ ሳይሆን ጂሊብሲ የተባለውን መሠረታዊ ላይብረሪ፣ 2.34 ወይም ከዚያ በላይ፣ ይጠይቃል። በኡቡንቱ 20.04 ላይ ያለው 2.31 ነው።

ፍሬ ነገሩ የተገለጠላቸው ከዚህ በኋላ፣ ሮቤ ባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ከጎባ የመጣው ፋይል ሲገለበጥ ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ልተካው?» ብሎ ጠየቀ። ስሙ አንድ፣ የቨርዥን ቁጥሩ አንድ፣ ሶርስ ኮዱም አንድ። የሚፈልጉት ላይብረሪ ግን ለየቅል ነው። የቨርዥን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሶርሱ እንጂ ፓኬጁ በምን ማሽን፣ በምን ላይብረሪ ላይ እንደተሠራ አይደለም። የፓኬጁ ዲፔንደንሲ የተሠራበት ቀን ላይ ቆሟል፤ ዙሪያው ያለው ሲስተም ግን ይሄዳል።

ይህ ጣጣ የባሌ ብቻ አይደለም። ደቢያን፣ ሶርሱ ሳይነካ ላይብረሪ ስለተለወጠ ብቻ እንደገና በተሠራ ፓኬጅ ቨርዥን ጫፍ ላይ «+ቢ1» ይጨምራል። በጄንቱ ሊኑክስ ደግሞ ክርክሩ ረጅም ነበር። የተጫነው ፓኬጅ ሲሠራ የመዘገበው ዲፔንደንሲ ይታመን ወይስ ዛሬ በማከማቻው ያለው የአሠራር መመሪያ? የጄንቱው ፓኬጅ ጫኝ ፖርቴጅ ለብዙ ዓመታት የዛሬውን ያምን ነበር፤ በኋላ ልማዱን ተወ። ለተዘጋጁ ፓኬጆችም፣ ከተሠሩ ወዲህ ዲፔንደንሲያቸው በመመሪያው ላይ ከተለወጠ ወደ ጎን እንዲተዋቸው የሚያዝ ምርጫ ተጨመረለት። ጠንቃቃ ነው፤ ግን ለውጡ ጉዳት ያለው ይሁን አይሁን አይመረምርም፤ ደህናውንም ጥሎ ለሰዓታት ኮምፓይል ያስደርጋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የኤልኮ ዶልስትራ መፍትሔ ነው። ኔዘርላንድስ ባለው ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው፣ ኒክስ በተባለው ሲስተም እያንዳንዱ ፓኬጅ የሚቀመጥበት ፎልደር ስም ከሶርሱ፣ ከኮምፓይለሩና ከላይብረሪዎቹ ሁሉ የተሰላ አሻራ እንዲይዝ አደረገ። አንዱ ከተነካ ስሙ ሌላ ነው፤ መተካካት የሚባል ነገር የለም። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሲውል በእርግጥ የሚያስፈልገው የቱ እንደሆነ ለማወቅም ማንንም አይጠይቅም፤ የተሠራውን ፋይል ባይት በባይት እየፈተሸ እነዚያን አሻራዎች ይፈልጋል።

የሚገርመው የተገላቢጦሹም፣ ፋይሉ አንድ ሆኖ ስሙ የሚለወጥበት፣ መኖሩ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ከ2038ቱ የሰዓት ቁጥር ችግር ጋር በተያያዘ ሊብ-ኤስኤስኤል 3ን «ሊብ-ኤስኤስኤል 3 ቲ64» ብሎ ሰየመው። የጎባው ልጅ ስሙን ሲያይ «ደግሞ መጣ!» አለ፤ ፓኬጁ ግን ያለ ችግር ተጫነ። በ64 ቢት ማሽን ላይ የላይብረሪው ፋይል ያው ስለሆነ፣ አዲሱ ፓኬጅ የድሮውንም ስም አቀርባለሁ ብሎ ያውጃል። ቀበሌው ቁጥር ቢቀይርም ቤቱ እዚያው እንዳለ ሰው ነው።

አሁን ሁለቱ በፋይሉ ቨርዥን ጫፍ ላይ የኡቡንቱውን ቁጥር ይጽፋሉ፤ ለየቨርዥኑም የየራሱ ፎልደር አለው። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ቢያበቃም፣ ጎባ ውስጥ ከእሱ ያልወጡ ማሽኖች ስላሉ የሮቤው ልጅ ሁለቱንም እየሠራ ይልካል። የአሮጌውን የሚሠራው ግን ለብቻው በታጠረ የ20.04 ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ የራሱን ማሽን ወደ 24.04 ካሳደገው ቆይቷል።