ዶክትሬቱና ትዳሩ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የተሳሳተ ምክር ነው። ምክሩን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት ባልና ሚስት እቤታችን መጡ። በቤተ ክርስቲያናችን ያደጉ፣ ትዳር ከያዙ ሦስት ዓመት የሆናቸው፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። እርሱ መምህር፣ እርሷ ነርስ። ቡናው ገና ሳይፈላ ባልየው አንድ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጠን። አሜሪካ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ለዶክትሬት ዲግሪ ተቀብሎታል። የትምህርቱን ክፍያ ዩኒቨርሲቲው ይሸፍናል፤ ለኑሮውም በየወሩ ይከፍለዋል። ባለቤቴ ፓስተሩ «ሃሌ ሉያ!» አለ። እኔም አጨበጨብኩ። ሚስትየዋ ግን ልጇን አቅፋ ዝም አለች። ቆየት ብላ «እትዬ፣ እኔስ?» አለችኝ።

እኔም ሳላስብ መለስኩላት። «አንቺ እዚህ ሥራሽን ያዢ። እዚያ ሄደሽ ያለ ሥራ ከምትቀመጪ ይሻላል። አምስት ዓመት ምን አላት? በጸሎት ጠብቂው» አልኳት።

ስለ ዶክትሬት የማውቀው ነገር ቢኖር በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያየሁትን ያህል ነበር። ክፍል ገብቶ መማር፣ የቤት ሥራ፣ ፈተና፣ ከዚያም ዕረፍት። «በየክረምቱ ይመጣል» ብዬ አሰብኩ። የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ መከርኩ። ያ ምክር አንድን ቤት ለማፍረስ ምን ያህል እንደ ተቃረበ የገባኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ዛሬ የሁለቱን ፈቃድ አግኝቼ የምጽፍላችሁ፣ እናንተም በዚህ መንገድ ላይ ካላችሁ እኔ ያልጠየቅሁትን እንድትጠይቁ ነው።

ለመሆኑ ትምህርቱ ምንድን ነው?

እህቴ ሆይ፣ የቤትሽን ምጣድ አስቢ። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን መርጣ ታቦካለች፤ ቅርጽ ታወጣለታለች፤ ቀስ ብሎ በጥላ እንዲደርቅ ትተወዋለች፤ ከዚያ በእሳት ትጠብሰዋለች። ቸኩላ ካደረቀችው ይሰነጠቃል። እሳቱ ካነሰው ይፈረፈራል። አንቺም ገዝተሽ ስታመጪው በጎመን ዘር ታሟሺዋለሽ፤ አለዚያ እንጀራው ይይዛል። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ አያያዙ ግን ምጣዱን ምጣድ ያደርገዋል።

የማቴሪያል ሳይንስ ሰዎች የሚያጠኑት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር እንዴት እንደ ተሠራ፣ በውስጡ ቅንጣቶቹ እንዴት እንደ ተደረደሩ፣ ከዚያ የተነሣ ምን ዓይነት ባሕርይ እንዳለው፣ በሥራ ላይ ሲውል ምን ያህል እንደሚያገለግል ይመረምራሉ። ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ፕላስቲክ፣ ሴራሚክ፣ በስልካችን ውስጥ ያለው ሲሊከን ሁሉ የእነርሱ እርሻ ነው።

በኪሳችሁ ያለውን የስልክ ባትሪ ተመልከቱ። ጆን ጉድኢነፍ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1980 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሊቲየምና የኮባልት ኦክሳይድ ለባትሪ ተስማሚ መሆኑን አሳዩ። ለዚህ ሥራ በ2019 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 97 ነበር። እኚህ ሰው ክርስቲያን እንደ ነበሩም ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ መስክረዋል። በ2023 በ100 ዓመታቸው አርፈዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከሥራው እስከ ሽልማቱ 39 ዓመት ነው። ይህ ትምህርት የችኮላ ሰው ትምህርት አይደለም።

ዓመታቱ እንዴት ያልፋሉ?

በአሜሪካ ይህ ዶክትሬት ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት አካባቢ ይፈጃል፤ የሚያልፍበትም አለ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ይማራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ሌሎችን በማስተማር ያግዛሉ። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት የብቃት ፈተና የሚባል ከባድ ፈተና አለ። ያላለፈ ሰው ዶክትሬቱን አይቀጥልም። ከዚያ በኋላ ክፍል የለም፤ ደወል የለም፤ ክረምት የለም። ያለው ላቦራቶሪና አማካሪ ፕሮፌሰር ብቻ ነው። የሚከፈለውም ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ስለሆነ ተማሪው በክረምትም ሥራ ላይ ነው።

ወንድማችን የደረሰው ምርምር ስለ ባትሪ ነበር። ዛሬ በስልካችን ያለው ባትሪ በውስጡ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ፈሳሽ አለው። ያንን ፈሳሽ በጠጣር ሴራሚክ ለመተካት ይሠራል። ዱቄቱን ይቀምማል፤ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ አድርጎ ይጨምቀዋል፤ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ያቆየዋል። በዚያ ሙቀት ሊቲየሙ እየተነነ ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ ሴራሚኩ ዋጋ የለውም። እንዳይተን ሲከላከል ይሰነጠቅበታል። ስንጥቁን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እርሱን ደግሞ ሁሉም ተማሪ በወረፋ ይጠቀምበታል። ለእርሱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነበር። የእርሱ ሌሊት የእርሷ ጠዋት ነው። እርሷ ወደ ሆስፒታል ስትሮጥ እርሱ ወደ ማይክሮስኮፑ ይገባል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። «እትዬ፣ እርሱ እኔን ሳይሆን ያንን ምድጃ ነው ያገባው። እኔ ደክሞኛል» አለችኝ።

በማግስቱ እርሱን ደወልንለት። ፓስተሩ ሊገሥጸው ተዘጋጅቶ ነበር። ወንድማችን ግን ገና «ሰላም» ሳይል አለቀሰ። ለአንድ ዓመት ያህል አንድም ሴራሚክ አልተሳካለትም። ለሚስቱ ያልነገራት አፍሮ ነው። ለቤተ ክርስቲያንም ሊናገር አልቻለም። ለምን? እኛ ገና ከሄደበት ቀን ጀምሮ «ዶክተር» እያልን እንጠራው ነበርና! ሰላምታ ስንልክለት «ዶክተር እንዴት ነህ?» ነው። «ዶክተር» የተባለ ሰው እንዴት ወደቅሁ ይላል? ለመምጣትም ፈርቷል። የቪዛው ጊዜ አልፎ ነበር፤ ከወጣ እንደገና ኤምባሲ መቅረብ አለበት፤ ቢከለከል የሦስት ዓመት ልፋቱ ውኃ በላው ማለት ነው። እርሱ ዝም ያለው ከሐፍረት ነው፤ እርሷ ደግሞ ዝምታውን ፍቅር እንደ ቀዘቀዘ ቆጠረችው።

ያን ቀን ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከወራት በኋላ እርሷ ሥራዋን ለቀቀች፤ ቪዛዋ ተፈቀደላትና ልጇን ይዛ ሄደች። አየር ማረፊያ ሲደርሱ ልጅቱ አባቷን አይታ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። እዚያም ኑሮው ቀላል አልነበረም፤ ሕጉ ስለማይፈቅድላት ነርሷ እህታችን መሥራት አልቻለችም። በኋላ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ያለ ሥራ መቀመጡ ከበደኝ፤ ያለ ባል ከመቀመጥ ግን ቀለለኝ።» ዛሬ ወንድማችን ትምህርቱን ጨርሷል፤ አሁን ቢጠሩት «ዶክተር» እውነት ነው። እርሷ ከሙያዋ የራቀችባቸውን ዓመታት ግን ማንም አልመለሰላትም። ስለዚህ ይህን ታሪክ «ሁሉም በሰላም ተፈጸመ» ብዬ አልዘጋውም።

ከመወሰናችሁ በፊት ምን ትጠይቁ?

አንደኛ፦ አገር ቤት መማር ይቻል እንደ ሆነ ጠይቁ። ትምህርቱ በአገራችንም አለ፤ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ትምህርት ይሰጣሉ። ሄዳችሁ በየትኛው ደረጃ እንደሚያስተምሩ፣ ምን መሣሪያ እንዳላቸው ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ምን እንደሚፈቅድ አጣሩ። በአሜሪካ ተማሪው ኤፍ-1 ከያዘ ባለቤቱ ኤፍ-2 ይሰጠዋል፤ በኤፍ-2 መሥራት አይቻልም፤ በከፊል ጊዜ መማር ግን ይቻላል። ጄ-1 የያዘ ተማሪ ባለቤት የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችላል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ሁለት ዓመት አገር ቤት ተመልሶ የመኖር ግዴታ አለ። በጀርመን ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች እንደ ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ተቀጥረው ደመወዝ ያገኛሉ፤ በቤተሰብ ፈቃድ የገባ የትዳር ጓደኛም መሥራት ይችላል፤ አስቀድሞ ግን መሠረታዊ ጀርመንኛ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ሕጉ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። «በየክረምቱ እመጣለሁ» የሚል ቃል ከመሰጣጣታችሁ በፊት በዚያ ሰሞን የሚሠራበትን ደንብ ከኤምባሲው ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ገንዘቡን በወረቀት አስሉት። ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍያ ለሦስት ሰው ላይበቃ ይችላል። የሚስትና የልጅ የጤና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል።

አራተኛ፦ አማካሪውን እወቁት። ዩኒቨርሲቲው ስም ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም። በእርሱ ሥር ያሉትን ተማሪዎች «ስንት ዓመት ፈጀባችሁ? ባለትዳር አለ? ልጅ ሲታመም ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአምስት ዓመት የቤታችሁን ሰዓት የሚወስነው ይህ ሰው ነው።

ተማሪዋ ሚስት ብትሆንስ?

ወንድሞቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሚስትህ ወረቀቱን ይዛ ብትመጣ እንደዚያ «ሃሌ ሉያ» ትላለህ? በካርቦን ላይ ባደረጉት ምርምር የታወቁት አሜሪካዊት ሳይንቲስት ሚልድረድ ድሬስልሃውስ አራት ልጆች አሳድገዋል። ልጆቹ ትንንሽ በነበሩ ጊዜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይተው በመግባታቸው በሥራ ቦታቸው ይወቀሱ ነበር። ባለቤታቸው ጂን ራሳቸው የፊዚክስ ሰው ሆነው ከጎናቸው ቆሙ፤ ብዙ ጽሑፎችንም አብረው ጻፉ። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1985 በኤም.አይ.ቲ. ከፍተኛውን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ከጠንካራ ሚስት ጎን የቆመ ባል አላነሰም።

በመንገዱ ላይ ላላችሁ

የማይነካ ሰዓት ይኑራችሁ። የባትሪው ወንድማችን ኋላ የተማረው ይህን ነው፤ ቅዳሜ ማታ ምድጃው ቢፈነዳም ስልኩን አያነሣም ነበር። በሚነጋገሩበትም ጊዜ የተሰበረውን ሴራሚክ ለሚስቱ ማሳየት ጀመረ። እርሷም ምርምሩ ባይገባትም ስብራቱ ገባት። ውድቀት የሚነገርበት ቤት አይሰነጠቅም ባልልም፣ ስንጥቁ ሳይሰፋ ይታያል።

መቀጠል ካልተቻለም ውርደት አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ላይ የሚያቆም ተማሪ የማስተርስ ዲግሪ ይዞ መውጣት ይችላል። ከፈረሰ ትዳር ጋር ከሚገኝ ዶክትሬት፣ ከቆመ ትዳር ጋር የሚገኝ ማስተርስ ይሻላል።

እኛ በቤተ ክርስቲያን ያለነውም ሳይጨርስ «ዶክተር» አንበለው። ስሙን እንጥራው። «ሥራው እንዴት ነው?» ስንለው «አልሆነም» ማለት ይቻለው። እዚህ የቀረችውንም ሚስት «ታድለሽ!» ብለን አንለፋት፤ ልጅ ያዙላት፣ እራት ጥሯት፣ ስታለቅስ አድምጧት።

እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምጃለሁ። አንድ ባልና ሚስት ወረቀት ይዘው ሲመጡ አላጨበጭብም፤ መጀመሪያ ዝም ያለውን ሰው እፈልጋለሁ። ቡናውን እቀዳለሁና «አንቺስ?» እላለሁ። «አንተስ?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ እንጸልያለን።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።