በጦርነት ጨዋታ ሥዕል ይሻላል ወይስ ምልክት?

ባለፈው እሑድ ከእኅታችን ቤት ለቡና ተጠርተን በሄድን ጊዜ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ልጇ ከአንድ ባልንጀራው ጋር በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በብርቱ ሲከራከር አገኘነው። ነገሩ የትምህርት መስሎን ጠጋ ብንል ክርክሩ ስለ ጨዋታ ኖሯል። ጨዋታውም የስዊድኑ የፓራዶክስ ኩባንያ በ2016 ያወጣው «ኸርትስ ኦፍ አይረን» የተባለው አራተኛው ክፍል ነው (ዓመቶቹ፥ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን በካርታ ላይ የሚያጫውት ሲሆን፥ ከ1936 መጀመሪያ ስለሚነሣ ገና ሲከፈት ኢትዮጵያና ኢጣልያ በጦርነት ላይ ናቸው። የእኅታችን ልጅ የኢትዮጵያን ጦር ይመራ ነበር።

በዚህ ጨዋታ ካርታውን ሲያርቁት ሠራዊቱ በትናንሽ ሣጥኖች ይታያል፤ ሲያቀርቡት ግን ጠመንጃ ይዞ የሚራመድ ወታደር ብቅ ይላል። የእኅታችን ልጅ «ወታደሩን ካላየሁት ጨዋታው የሒሳብ መዝገብ ይሆንብኛል» ይላል። ባልንጀራው ደግሞ «ካርታውን ከመሸፈን በቀር ምን ይነግርሃል? ይህ የሕፃናት ነው» ይለዋል። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኛ ዘወር ብለው «ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉን።

ለመፍረድ የነገሩን ሥር ማወቅ ያሻል። ይህ ክርክር የሁለቱ ወጣቶች ብቻ አይደለም፤ ጦርነትን እንደ ትምህርት ቆጥረው በሚጫወቱ ሰዎች መካከል ዘወትር የሚነሣ ነው። ሥሩም ከኮምፒዩተር ይቀድማል። በ1812 ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ ሰው ተራራውና ወንዙ ተቀርጾ የሚገጣጠምበት ያማረ የጦር ጨዋታ ጠረጴዛ ለንጉሡ አቀረበ። የጦር መኰንን የሆነው ልጁ ግን በ1824 ባሳተመው ደንብ ያን ጌጥ ትቶ በወረቀት ካርታ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቁራጮች አሰለፈ። የፕሩሲያም መኰንኖች የተማሩበት ይኸው ጌጥ የሌለው ጨዋታ ነው። በአንጻሩ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ሊትል ዎርስ» በተባለው መጽሐፉ የመረጠው የአሻንጉሊት ወታደሮችንና በሞላ የሚተኩስ ትንሽ መድፍን ነው።

ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ በ1954 «ታክቲክስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ በ1958ም አቫሎን ሂል የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በእነዚህ ጨዋታዎች ጦሩ የካርቶን ቁራጭ ሲሆን፥ በላዩ ላይ የጦር መኰንኖች በካርታ የሚጠቀሙበት ምልክት ታትሞበታል። ምልክቱን ማንበብ ቀላል ነው። በሣጥን ውስጥ ሁለት ሰያፍ መስመሮች ከተጣመሩ እግረኛ ነው፤ አንድ ሰያፍ መስመር ብቻ ከሆነ ፈረሰኛ ነው፤ ሞላላ ክብ ታንከኛ፥ ነጥብም መድፈኛ ነው። ከሣጥኑ በላይ አንድ ኤክስ ቢኖር ብርጌድ፥ ሁለት ቢሆን ክፍለ ጦር፥ ሦስት ቢሆን ኮር መሆኑ ይታወቃል። የለመደ ሰው መቶ ሣጥን ያለበትን ግንባር በአንድ ጊዜ ያነበዋል።

ምልክትን የሚመርጡት ወገኖች የሚሉት ይህንኑ ነው። ትልቁ ወታደር ተራራውንና መንገዱን ይሸፍናል፤ የተራራ እግረኛው ከተራው እግረኛ ቶሎ አይለይም፤ ሥዕሉ ተራምዶ ተኩሶ እስኪጨርስ መጠበቅም ያሰለቻል ይላሉ። በ2010 የወጣው የጋሪ ግሪግስቢ «ዋር ኢን ዘ ኢስት»፥ የጀርመንንና የሶቪየትን ጦርነት በዝርዝር የሚያጫውተው፥ በሣጥን መመራቱ እነዚህን ወገኖች ያስደስታል። ሥዕልን የሚወዱትም መልስ አላቸው። ጀማሪ ሰው ምልክቱን ስለማያውቅ ገና በሩ ላይ ይመለሳል፤ ሥዕሉ ግን ጦሩ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚዋጋ ሳይተረጐም ያሳያል። በ1994 የወጣው «ፓንዘር ጄኔራል» ጦሩን በታንክና በወታደር ሥዕል በማሳየቱ፥ ከዚህ በፊት የጦር ጨዋታ ነክተው የማያውቁ ብዙዎችን አስገብቷል ይላሉ። ፓራዶክስም በ2009 ባወጣው በሦስተኛው ክፍል ሁለቱንም አቅርቦ ምርጫውን ለተጫዋቹ ትቶ ነበር። ሆኖም ምርጫ መኖሩ ክርክሩን አላበረደውም። እያንዳንዱ ወገን «እውነተኛውን ጦርነት የሚያሳየው የእኔ ነው» ስለሚል ነው።

እኛም በመጀመሪያ ልባችን ወደ እኅታችን ልጅ አዘንብሎ ነበር። የእናታችን አባት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በመሩት በማይጨው ጦርነት ውለው አልተመለሱም። ያን ጊዜ እናታችን የጡት ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ያን ሠራዊት በሣጥን ውስጥ ዘግቶ ማየቱ ከበደን፤ ቢያንስ ሰው የሚመስለው ይሻላል አልን።

ነገር ግን ጨዋታው ሲቀጥል አንድ ነገር አስተዋልን። ጦሩ ተመትቶ ሲያፈገፍግ ሥዕሉ አልተለወጠም። ወታደሩ ልብሱ አልተቀደደም፤ አልራበውም፤ አልደከመውም፤ እንደ ጧቱ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ብዙ ሺህ ሰው የነበረው ክፍለ ጦር ግማሹ ቢያልቅም በስክሪኑ ላይ የሚቆመው ያው አንድ ወታደር ነው። የጠፋውን ሰው የሚናገረው በጦሩ ምልክት ላይ ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ነበር፤ እርሱ እያጠረ ሄደ። እርግጥ የማይጨውን የመርዝ ጋዝ ሥዕሉም ሣጥኑም አይነግሩንም። ሆኖም ከሁለቱ ለሙታኑ እውነት የቀረበው፥ ሰው የማይመስለው መስመር ሆኖ አገኘነው።

ፍርዳችንም ይህ ሆነ። «በሣጥኑ ተጫወት፤ ነገር ግን መስመሩ ባጠረ ቁጥር ስንት ሰው እንደሆነ ቍጠር» አልነው። ባልንጀራው አሸናፊ መስሎት ፈገግ ሲል፥ «አንተም ሣጥኑን ስለምታነብ ብቻ ሰውን አየሁ አትበል» አልነው። ምልክት የሚጠቅመው ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ማንበብ ማለትም እግረኛውን ከመድፈኛው መለየት ብቻ አይደለም። የእኅታችን ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካርታውን ሲመለከት ቆየና፥ «ታዲያ አያታችን የትኛው ሣጥን ውስጥ ነበሩ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

ይህን የጻፍነው ለተጫዋቾች ብቻ አይደለም። ነገ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወጣት ወረዳውን በሠንጠረዥ፥ ተፈናቃዩን በቁጥር፥ ተማሪውን በመዝገብ መስመር ያገኘዋል። ቁጥሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያማረ ሥዕል ቢለጥፍበት፥ ሥዕሉ ከችግሩ ጋር ሳይከሳ ይኖራል። ቁጥሩን ብቻ ይዞ ቢቀመጥም «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው ይሆናል። የሚሻለው ቁጥሩን በትክክል መያዝና፥ ቁጥሩ በቀነሰ ቀን ማን እንደጐደለ መጠየቅ ነው።