ቃኘው፦ አንድ ስም፣ ሁለት የወታደር ሕይወት

ከአገሩ ርቆ የሰፈረ ወታደር ምን ይበላል? የት ያድራል? ከአካባቢው ሕዝብ ጋርስ እንዴት ይኖራል? መልሱ እንደ ተልዕኮውና እንደ ላከው መንግሥት አቅም ይለያያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ “ቃኘው” በሚል አንድ ስም የተጠሩ ሁለት ሰፈሮች ልዩነቱን በጉልህ ያሳያሉ። አንደኛው ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሲሆን ሌላኛው አስመራ የነበረው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ነው።

“ቃኘው” የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ስም ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ ወደ ኮሪያ ለተላከው ሻለቃ ሰጡት።

ምሽግ ውስጥ የተገፋ ክረምት

የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጂቡቲ በመርከብ ተጉዞ እ.አ.አ. በግንቦት 1951 ቡሳን ወደብ ደረሰ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድቦ ተዋጋ። ጠመንጃውም፣ የደንብ ልብሱም፣ ስንቁም በአብዛኛው ከአሜሪካ የተገኘ ነበር።

ጦርነቱ በአንድ የግንባር መስመር ላይ ከረጋ በኋላ የወታደሩ ውሎ ምሽግ መቆፈርና መጠገን፣ ዘብ መቆምና ጠላትን መቃኘት ሆነ። ሌሊት ሲሆን ጥቂት ሆኖ ከምሽጉ ይወጣና በሁለቱ ጦሮች መካከል ባለው ሸለቆ እየተሽሎከለከለ የጠላትን እንቅስቃሴ ይሰልላል፤ አለዚያም አድፍጦ ይጠብቃል። ሌላው ጠላት ብርዱ ነበር። በክረምት የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች ይወርዳል። ይህ ለደጋ ሰውም ቢሆን እንግዳ ነገር ነው።

ሻለቃዎቹ እየተፈራረቁ በተዋጉባቸው ዓመታት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆስለዋል። በጠላት እጅ የተማረከ ግን አልነበረም። ወታደሮቹ ዶንግዱቾን በተባለችው ከተማ ጦርነቱ ያለ ወላጅ ያስቀራቸውን ሕፃናት የሚያሳድግ ተቋምም ይረዱ ነበር።

ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ

በአስመራ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የአሜሪካ ጦር እ.አ.አ. በ1943 ቀድሞ “ራዲዮ ማሪና” ይባል የነበረውን የጣሊያን ባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ ተረከበ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች ከወራት በኋላ፣ በግንቦት 1953፣ ሁለቱ መንግሥታት ሰፈሩን ለ25 ዓመት የሚያስጠቅም ስምምነት ተፈራረሙ። ሰፈሩም “ቃኘው” ተባለ። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ለሠራዊቷ መሣሪያና ሥልጠና አገኘች።

አስመራ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የሩቅ የሬዲዮ ሞገድ ያለ ብዙ መስተጓጎል ይደርሳታል። የወታደሩ ሥራም ማዳመጥ ነበር። ቀንና ሌሊት በፈረቃ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከሌሎች አገሮች የሚተላለፉ መልእክቶችን ይመዘግባል። የሚሠራውን ለቤተሰቡም ቢሆን መናገር አይፈቀድለትም።

ከፈረቃው ሲወጣ የሚጠብቀው ኑሮ ግን የአንዲት አነስተኛ የአሜሪካ ከተማ ኑሮ ነበር። በሰፈሩ ውስጥ ሲኒማ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የራሱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ነበሩ። በዕረፍቱ ወደ ምፅዋ ወርዶ ይዋኛል። በርካታ የአስመራ ነዋሪዎች በሰፈሩና በወታደሮቹ ቤት ተቀጥረው ኑሯቸውን ይመሩ ነበር። በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ደመወዝ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ሙዚቃና ፋሽንም ወደ ከተማዋ ይዘልቅ ነበር።

ስሙ ከስምምነቱ ዕድሜ በለጠ

ይህ ምቾት በውጭ ያለውን ጦርነት ሊከላከል አልቻለም። እ.አ.አ. በ1961 የተጀመረው የኤርትራ የትጥቅ ትግል እየበረታ ሄዶ በ1975 መጀመሪያ ውጊያው አስመራ ደጃፍ ደረሰ። በዚያው ዓመት በጣቢያው ይሠሩ የነበሩ አሜሪካውያን ታፍነው ተወሰዱ። ሳተላይት እየተስፋፋ በመሄዱ አሜሪካ ቀደም ብላ የሰፈሩን ሠራተኞች መቀነስ ጀምራ ነበር። በሚያዝያ 1977 ደርግ ሰፈሩ እንዲዘጋ አዘዘ። ስምምነቱ ሊያበቃ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሰፈሩ ደመወዝ ይተዳደሩ የነበሩ የአስመራ ቤተሰቦች የገቢ ምንጫቸውን አጡ።

ለኮሪያ ዘማቾችም ዘመኑ ተለወጠ። ከኮሚኒስት ጦር ጋር የተዋጉት ሰዎች የሶሻሊዝምን ጎዳና በመረጠና ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀ መንግሥት ሥር ለመኖር ተገደዱ። ውለታቸው በይፋ የሚወሳበት ዘመን አልነበረም።

በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ግን አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.አ.አ. በ1968 ተገኝተው የመረቁት የዘማቾቹ መታሰቢያ ሐውልት እስከ ዛሬ ቆሟል። በአዲስ አበባም የዘማቾቹ ሰፈር “ኮሪያ ሰፈር” እንደተባለ ቀርቷል።