መርማሪ ፖሊስና የሥልጣኑ ወሰን

በማናቸውም መንግሥት ውስጥ ወንጀልን የሚከላከል፣ የሚከስና የሚፈርድ ባለ ሥልጣን እንዳለ ሁሉ፣ በእነዚህ መካከል ቆሞ፣ ተፈጽሞ ያለፈውን ድርጊት ከተወው ምልክት ተነሥቶ ለዳኛ ኅሊና የሚያቀርብ ሌላ ሠራተኛ አለ፤ ይኸውም መርማሪ ፖሊስ ነው። ሕዝቡ ይህን ሰው የሚያውቀው በጣቢያ ተቀምጦ ቃል ሲቀበል ወይም ተጠርጣሪ ይዞ ችሎት ሲቀርብ ስለ ሆነ፣ ግብሩ ሰው መያዝ ብቻ ይመስለዋል፤ የሙያውን ጠባይ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ሰው መያዝ ከድካሙ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሙያ በዛሬው መልኩ ከመቋቋሙ በፊት በአገራችን ምርመራ አልነበረም ማለት አይደለም። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ፣ የአካባቢው ሕዝብ በሹም ትእዛዝ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ይኸው ሸንጎ አፈርሳታም ይባላል። ከጉባኤው የቀረ ይቀጣል፤ የተገኘውም ምሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ በግልጥ መናገር የፈራ ነገሩን በ«ወፍ»፣ ይኸውም ስሙ በማይገለጥ ነጋሪ በኩል፣ ያወጣል፤ አድራጊው ያልታወቀ እንደ ሆነም አገሬው ጉዳቱን በኅብረት እስከ መክፈል ይደርስ ነበር። ሥርዐቱ ፍትሕን የሁሉ ዕዳ ማድረጉ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ወሬን ከምስክርነት የሚለይበት ወንፊት ስላልነበረው፣ ጎረቤቶቹ የጠሉት ንጹሕ ሰው አንዳንድ ጊዜ በበደለኛው ፈንታ መውጣቱ አልቀረም። ከዚህም የከፋው ሌባሻይ ነበር፤ መድኀኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበርና።

የዛሬው መርማሪ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከተጻፈ ሕግ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፖሊስ ዐዋጅ ለሠራዊቱ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወንጀል ምን እንደ ሆነ ዘረዘረ፤ ይህም በኋላ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ ተተካ፤ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ደግሞ መርማሪው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚደርስ መንገዱን ቀየሰለት።

መንገዱም እንዲህ ነው። አቤቱታ ወይም ጥቆማ በቀረበ ጊዜ መርማሪው የነጋሪውን ቃል ጽፎ፣ ቀኑን መዝግቦ፣ አንብቦለት ያስፈርማል። ከዚያም ድርጊቱ ወደ ተፈጸመበት ስፍራ ሄዶ፣ ሰው ሳይረግጠውና ዝናብ ሳያጥበው ቦታውን ያስከብራል፤ ያየውን በሥዕልና በጽሑፍ ያሰፍራል፤ የጥይት ቀለሁን፣ ደም የነካውን ልብስ፣ ዱላውንና ጩቤውን በኤግዚቢትነት አሽጎ ይይዛል፤ ምስክሮችን አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይሰማ ለየብቻ ይጠይቃል። የሟች ሬሳ በሐኪም እንዲመረመር ይልካል፤ ለዚህም በአዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ዋና መመርመሪያ ሆኖ ኖሯል። የሰው ቤት ለመፈተሽ ቢፈልግ ሕጉ ከፈቀዳቸው ጥቂት አስቸኳይ ሁኔታዎች በቀር የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ ትእዛዙ በእጁ ቢኖርም፣ ዳኛው በተለይ ካልፈቀደ በስተቀር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደጃፍ ማንኳኳት አይችልም። የዕለት ሥራውን ሁሉ በመዝገብ እየጻፈ፣ ምርመራው ሲያልቅ ለዐቃቤ ሕግ ያስረክባል፤ ዐቃቤ ሕጉም ይከስሳል፣ ወይም ጎደሎው እንዲሞላ መዝገቡን ይመልሳል፣ ወይም ሕግ በሚፈቅደው ምክንያት ክስ አላቀርብም ይላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በተያዘው ሰው ፊት የሚቆምበት ሰዓት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ እንደሚያዝዘው፣ የተያዘ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ዝም የማለት መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም። ጀማሪ መርማሪ ይህን ትእዛዝ እንደ ማሰሪያ ሊቈጥረው ይችላል። ዕውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከተጠርጣሪ አፍ በግድ የወጣ ቃል መርማሪውን ከጫካ፣ ከሐኪምና ከምስክር ድካም ስለሚያሳርፈው የሰነፍ መሣሪያ ነው፤ ትጉሁ መርማሪ በአንጻሩ ተጠርጣሪው አንድ ቃል ሳይተነፍስ እንኳ በራሱ እግር የሚቆም መዝገብ ያዘጋጃል።

ሕጉ የጊዜንም ወሰን አስቀምጧል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዐት ሕጉም ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ አይፈቅድም። ይህ ቀጠሮ እየተደጋገመ የሰው ነጻነት በምርመራ ስም ሲባክን መታየቱ በአገራችን የታወቀ ሮሮ ነው፤ መፍትሔውም ከዳኛው ጥንቃቄ ባላነሰ፣ መጀመሪያ አጣርቶ በኋላ በሚይዝ መርማሪ እጅ ይገኛል።

ይህ ወሰን በደጋው አገር ምን እንደሚመስል ለማሰብ አምቢኮን መመልከት ይበቃል። አምቢኮ በራስ ደጀን ግርጌ ያለ መንደር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በጨነቅ በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደ ገና የቧሂትን ዳገት ከ4,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ሕገ መንግሥቱ ግን መንገዱንም አስቦታል፤ 48ቱ ሰዓት ሰውየው ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀውን ጊዜ እንደማይጨምር በግልጥ ጽፏልና። ስለዚህ መርማሪው በየት እንዳደረና ስንት ሰዓት እንደ ተጓዘ ለዳኛው ማስረዳት ከሥራው አንዱ ክፍል ይሆናል፤ የገደሉ ከባድነት ሰበብ የሚሆነው ለተጓዘበት ሰዓት ብቻ እንጂ በጣቢያ ለተኛበት ቀን አይደለምና።

ከመንገዱም ይልቅ የሚያስቸግረው የሰው ዝምታ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ሥር፣ በመሬት ወሰን ተጣልቶ ሰው የተገደለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ የሁለት ሰዎች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሟች ወገን ደም መመለስን ያስባል፣ የገዳይ ወገን ይሸሻል፣ ሽማግሌዎችና ካህናትም ደሙ እንዲደርቅ መስቀልና ታቦት እያማጸኑ በመካከል ይገባሉ። ዕርቁ የተባረከ ነው፤ ቂም ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳይተላለፍ ያደርጋልና። ዳሩ ግን የነፍስ ግድያ ክስ በቤተሰብ ዕርቅ የሚሠረዝ አይደለም፤ ዕርቁ ከጸና በኋላ መርማሪው ሲደርስ ያየ ሁሉ አላየሁም፣ የሰማ ሁሉ አልሰማሁም ይላል። በዚህ ጊዜ ልባም መርማሪ ሽማግሌውን እንደ ጠላት አያየውም፤ የሽምግልናውን ፍሬ ሳያፈርስ፣ ነገር ገና ትኩስ ሳለ በቦታው በመድረስና ማስረጃውን ከሰው አንደበት ይልቅ በቁሳቁስ ላይ በመመሥረት ዝምታውን ይቀድመዋል። ለፈራው ምስክር ደግሞ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ ዐዋጅ አለ፤ በመንደር ውስጥ ግን ከዐዋጅ ይልቅ ምስጢር ጠባቂነቱ የታወቀ መርማሪ ይታመናል።

የጉዳዩ ዐይነት የመርማሪውንም ሥልጣን ይለያል። የተለመደው የግድያ፣ የስርቆትና የድብደባ ነገር የክልሉ ፖሊስ ድርሻ ሲሆን፣ ሐሰተኛ ገንዘብ ማተምን፣ ሽብርንና ድንበር ተሻጋሪ ወንጀልን የመሳሰለው በፌዴራል ፖሊስ ይመረመራል። በጎንደር በኩል አልፎ በመተማ ወደ ሱዳን የሚወጣው የስደት መንገድም ሰውን በሚነግዱ ደላሎች እጅ ስለ ወደቀ፣ በአንድ ወረዳ የተጀመረ መዝገብ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ክልልና ወደ ሌላ አገር መዘርጋት ያስፈልገዋል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ዋልያ የገደለ ሰው ሲፈለግ፣ ሟቹ ከሳሽ ዘመድ ስለሌለው፣ የፓርኩ ጠባቂ ጥቆማና የመርማሪው ትጋት ብቻ ይናገሩለታል።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚመኝ ወጣት ከጉልበት አስቀድሞ ትዕግሥትን፣ ከቁጣ አስቀድሞ ጽሕፈትን፣ ከሁሉም በላይ የገዛ ግምቱን መጠራጠርን ሊማር ይገባዋል። አውጫጭኝ የተቀመጠው ሸንጎ ስም ሳያወጣ መበተን እንደማይወድ፣ ዛሬም የተቈጣ ሕዝብና የቸኮለ አለቃ ከመርማሪው ስም ይጠብቃሉ። የሙያው ክብር የሚታወቀው በዚህ ፈተና ጊዜ ነው፤ ያሰራቸውን ሰዎች ቍጥር የሚያቀርብ መርማሪ ብዙ ሊገኝ ይችላል፣ «ማስረጃው በዚህ ሰው ላይ አልደረሰም» ብሎ በመዝገቡ ጽፎ፣ የተጠረጠረው እንዲፈታ ራሱ የሚያሳስብ ግን መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ ሊሾመው የሚገባ ነው።